ስለ ጃፓን በዓላት የ5 ደቂቃ ንግግር አለብኝ፤ የትኛውን ልያዝ?

ካንጂ_ፈጀኝ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አዲስ አበባ ሆኜ ጃፓንኛ እማራለሁ። ደረጃዬ ኤን 4 አካባቢ ነው (ከጃፓንኛ ፈተናው አምስት ደረጃዎች ከታች ሁለተኛው)። ለተርሙ መዝጊያ እያንዳንዳችን ስለ አንድ ባህላዊ የጃፓን በዓል 5 ደቂቃ በቃላችን እንናገራለን። ከዚያ መምህራችን ትጠይቃለች። ንግግሩን እሸመድደዋለሁ፤ የሚያስፈራኝ ጥያቄው ነው።

መጽሐፋችን በዓላቱን በሰንጠረዥ ደርድሯቸዋል። ማርች 3 የሴት ልጆች በዓል፣ አሻንጉሊት ይደረደራል። ሜይ 5 የልጆች ቀን፣ የዓሣ ቅርጽ ያለው ጨርቅ ይሰቀላል። ጁላይ 7 ታናባታ፣ ምኞት ወረቀት ላይ ይጻፋል። እሺ፣ ከዚያስ? ለምን ዓሣ? አሻንጉሊቱን ማን ይደረድራል? ይህን ይዤ ብቀርብ ራሴንም እንቅልፍ ይወስደኛል።

እዚያ የኖራችሁ ሰዎች እስቲ ንገሩኝ፤ ብዙ የሚወራለት የትኛው ነው? ታናባታን አስቤ ነበር፤ ግን የክፍላችን ግማሽ እሱን ይዟል።

ያማኖቴ_መስመር

አዲስ ዓመትን ያዢ፤ ሾጋትሱን። ማትሱሪ (ባህላዊ የአደባባይ በዓል) የሰፈር ነው። አንዱ ከተማ የሚያብድበትን የጎረቤቱ ከተማ ሰው ስሙን ላያውቀው ይችላል። ሾጋትሱ ግን የአገር ነው።

ለንግግርም ይመቻል፤ ቅደም ተከተል አለው። ዲሴምበር 31 ማታ ቶሺኮሺ ሶባ የሚባል ረጅም ኑድል ይበላል። እኩለ ሌሊት አካባቢ የቡድሂስት ቤተ መቅደሶች ደወላቸውን 108 ጊዜ ይደውላሉ፤ ሰውን የሚያሰቃዩት ምኞቶች 108 ናቸው ስለሚባል ነው። ከዚያ ሃትሱሞዴ አለ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ጸሎት። ቶኪዮ ያለው ሜጂ ጂንጉ የሚባል መቅደስ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን ሰው ይመጣበታል። ፖሊስ በድምፅ ማጉያ እየመራ፣ ሰው ትንሽ ትንሽ እየተራመደ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል።

ምግቡ ኦሴቺ ይባላል። ቀድሞ ተሠርቶ፣ በተደራረቡ ሣጥኖች ውስጥ ተደርድሮ፣ ቀዝቅዞ የሚበላ ነው። እያንዳንዱ ምግብ ምርቃት አለው። ሽሪምፑ ጀርባው ጎብጧል፤ እስክትጎብጪ ኑሪ ነው ነገሩ። የሄሪንግ ዓሣ እንቁላል ፍሬው ብዙ ነው፤ ልጅ ይብዛላችሁ። ጣዕሙን ግን አትጠይቂኝ።

መምህርሽ ልትጠይቅ የምትችለውን አንድ ነገር ልጠቁምሽ። ጃፓን ጨረቃን የሚከተለውን የድሮ አቆጣጠር ትታ ወደ ፈረንጁ የገባችው በ1873 ነው። አዲስ ዓመቱም ከዚያ ጀምሮ ከቻይናው ተለይቶ ጃንዋሪ 1 ላይ ሆነ። ሌሎቹ በዓላት ደግሞ ብዙዎቹ ቀናቸውን እንደያዙ ከወቅታቸው ተፋቱ። ታናባታን እዪ። በድሮው አቆጣጠር የሚውለው ብዙ ጊዜ ኦገስት ላይ ነበር፤ ሰማዩ ሲጠራ። አሁን ጁላይ 7 ዝናቡ መሃል ነው። በዓመት አንዴ ብቻ እንዲገናኙ የተፈቀደላቸው ሁለቱ ፍቅረኛ ኮከቦች በደመና ተጋርደው ያድራሉ። ሰንዳይ ከተማ በዚህ ነገር አልተስማማችም መሰለኝ፤ እስከ ዛሬ ከኦገስት 6 እስከ 8 ነው የምታከብረው።

ሰላምታውንም ጨምሪበት። እስከ ዲሴምበር 31 ድረስ "ዮይ ኦቶሺ ኦ" ነው። "አኬማሺቴ ኦሜዴቶ ጎዛይማስ" የሚባለው ዓመቱ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። በዓመቱ ውስጥ ሐዘን ለገባበት ቤት ደግሞ "ኦሜዴቶ" አይባልም፤ የአዲስ ዓመት ፖስት ካርድም አይላክም። ሐዘንተኛው ራሱ ቀደም ብሎ "ዘንድሮ ሐዘን ላይ ነኝ" የሚል ካርድ ይልካል። እኔ ይህን ወድጄዋለሁ።

ሰኞ_ይቅርብኝ

ኬንታኪን የረሳችሁት ለምንድን ነው? ፈረንጆቹ ገና ቀን ጃፓን የተጠበሰ ዶሮ ለመግዛት የምትሰለፈውስ ባህል አይደለም? ከ1970ዎቹ ማስታወቂያ የመጣ ነው አሉ። 50 ዓመት ሆነው እኮ።

ያማኖቴ_መስመር

@ሰኞ_ይቅርብኝ ያኔ መምህርቷ "ባህላዊ ያልኩሽ ምኑን ነው?" ካለቻት አንተ ትመልስላታለህ።

የኪዮቶዋ

ሾጋትሱ ጥሩ ነው፤ ለ5 ደቂቃ ግን ይሰፋል። የምግቡን ስም ጠርተሽ ሳትጨርሺ ሰዓቱ ያልቃል። እኔ የምልሽ አንድ ከተማ፣ አንድ በዓል ያዢና እሱን ቆፍሪ። ጊዮን ማትሱሪ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

መነሻው ወረርሽኝ ነው። 869 ላይ ኪዮቶ ዋና ከተማ ነበረች፤ በሽታ አገሩን ፈጀው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለውን መቅሰፍት የሚያመጡት ተበድለው የሞቱ ሰዎች መናፍስት ናቸው ተብሎ ይታመን ነበር። እነሱን ለማብረድ ሺንሰንኤን በሚባለው የንጉሡ የአትክልት ስፍራ 66 ረጃጅም ጦሮች ተተከሉ። ለምን 66? ጃፓን ያኔ 66 ግዛት ስለነበራት ነው። ያ ጦር "ሆኮ" ይባላል። ዛሬ ጎዳና ላይ የሚጎተቱት ትልልቆቹ ሠረገላዎችም ሆኮ ነው ስማቸው።

በዓሉ ሙሉውን ጁላይ ይወስዳል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ግን የሠረገላውን ሰልፍ ነው። ሁለት ሰልፍ አለ፤ ጁላይ 17 በ23 ሠረገላ፣ ጁላይ 24 በ11። ትልልቆቹ 12 ቶን ገደማ ይመዝናሉ። ከፊት የሚመራው ናጊናታ ሆኮ ከመሬት እስከ ጫፉ 25 ሜትር ያህል ይሆናል። ማዕቀፉ የሚታሰረው በገመድ ነው፤ ሚስማር አይመታበትም። ጎኖቹን የሚሸፍኑት የከበሩ ምንጣፎችና ሥዕል የተሸመነባቸው ጨርቆች ናቸው። ከፋርስና ከሕንድ የመጡ አሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የዛሬዋ ቤልጂየም ውስጥ የተሸመነ፣ የትሮይ ጦርነት ታሪክ ያለበት ጨርቅም አለ። የኪዮቶ ነጋዴ ሀብቱን ያሳየው በዚህ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። የእነዚህ ሠረገላዎች መንኮራኩር አይታጠፍም። ቀጥታ ብቻ ነው የሚሄደው። ታዲያ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርሱ ምን ያደርጋሉ? የተሰነጠቀ ቀርከሃ ከመንኮራኩሩ ሥር ያነጥፋሉ። ውኃ ያፈሱበታል። ከዚያ ገመዱን ወደ ጎን ይዘው፣ በአንድ ድምፅ ይጎትቱታል። 12 ቶኑ ይንሸራተታል። በአንድ ጊዜ አይዞርም፤ ሁለት ሦስቴ ይደጋገማል። ላዩ ላይ ደግሞ ሙዚቀኞች ተቀምጠው ይመታሉ፣ ጣሪያው ላይ ሰዎች ወጥተዋል። ትሱጂማዋሺ ይባላል። ቦታ ለመያዝ የፈለገ ሰው በማለዳ ይሄዳል፤ ሙቀቱ ግን ጁላይ ላይ አይቻልም፤ ውኃና ባርኔጣ ያስፈልጋል።

ቱሪስቱ ይህን አይቶ ቀትር ላይ ይበተናል። ዋናው ነገር የሚጀምረው ግን ማታ ነው። የሠረገላው ሰልፍ መንገዱን ማጽጃ ነው። መንገዱ ከጸዳ በኋላ ከያሳካ ቤተ መቅደስ 3 ሚኮሺዎች (ተንቀሳቃሽ መቅደሶች) በሰው ትከሻ ይወጣሉ። መሃል ከተማ ወዳለው ማረፊያቸው ሄደው አንድ ሳምንት ይቆዩና ጁላይ 24 ማታ ይመለሳሉ። ጠዋቱን ብቻ ያየ ሰው በዓሉን አይቻለሁ ቢል አልስማማም።

አንድ ተጨማሪ፣ መምህርሽን የሚያስቅ ነገር። በዓሉ ላይ ካሉት የድሮ ሰዎች በዚያ ወር ኪያር የማይበሉ አሉ። ኪያር ሲቆረጥ መሃሉ ላይ የሚታየው ቅርጽ የቤተ መቅደሱን ዓርማ ይመስላል።

ኦኒ_ነኝ

ጊዮንን ማን ያላወራ አለ? የመጀመሪያው የዩቲዩብ ውጤት እሱ ነው። እህቴ፣ የኤን 4 ተማሪ "የተበደሉ ሙታን መናፍስት" የሚለውን በጃፓንኛ ከምታስረዳ ሴትሱቡንን ትያዝ። ፌብሩዋሪ 3፣ ቤት ውስጥ፣ ባቄላ መወርወር፣ አለቀ። የሚባለውም አራት አምስት ቃል ነው፦ "ኦኒ ዋ ሶቶ፣ ፉኩ ዋ ኡቺ"። ጭራቅ ወደ ውጭ፣ መልካም ዕድል ወደ ቤት። አባትየው የጭራቅ ጭንብል ያጠልቃል፣ ልጆች በባቄላ ያሳድዱታል። ከዚያ ሰው በዕድሜው ልክ ባቄላ ቆጥሮ ይበላል። 70 ዓመት የሞላቸው አያት ምን ያህል እንደሚቸገሩ አስቡት።

ብልጥ ጥያቄም አለበት። ቀኑ ሁልጊዜ ፌብሩዋሪ 3 አይደለም። የጸደይ መግቢያ ተብሎ በፀሐይ አቀማመጥ የሚሰላ ቀን አለ፤ ሴትሱቡን የእሱ ዋዜማ ነው። በ2021 ፌብሩዋሪ 2 ላይ ዋለ። እንዲህ ሲሆን ከ1897 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር፤ 124 ዓመት። 2025ም እንዲሁ 2 ላይ ነው የዋለው።

ኤሆማኪም አለ። ያልተቆረጠ ሙሉ የሱሺ ጥቅል ነው። የዓመቱን የዕድል አቅጣጫ ፊት ለፊት ይዘሽ፣ ሳታወሪ፣ እስከ መጨረሻው ትበያለሽ። የኦሳካ አካባቢ ልማድ ነበር። አገሩን ሁሉ ያዳረሱት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ሱፐርማርኬቶችና የ24 ሰዓት ሱቆች ናቸው። ከዚያ ያልተሸጠው በየዓመቱ እየተጣለ ቅሌት ሆነ። በ2019 የግብርና ሚኒስቴሩ "በሚሸጠው ልክ ሥሩ" ብሎ ነጋዴዎቹን እስከመጠየቅ ደረሰ። የበዓል ታሪክ ብቻ ሳይሆን የንግድ ታሪክም ሆነ ማለት ነው።

የኪዮቶዋ

"የተበደሉ ሙታን" ማለት የግድ አይደለም። "በሽታ ስለበዛ ጸለዩ" ካለች ኤን 5ም ይበቃታል።

አክሱማዊት

ሰላም። ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። በሚቀጥለው ዓመት ለትምህርት እሄዳለሁ፤ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው። ሚኮሺ ውስጥ አምላካቸው አለ ብለው ነው አይደል የሚሸከሙት? የቋንቋ ትምህርት ቤቶች ተማሪን ይዘው ወደ ማትሱሪ ይሄዳሉ፣ አሸክሙ ይላሉ ብላ ጓደኛዬ ነግራኛለች። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እንዴት ነው የምታደርጉት? የሚቀልድ ሰው ባይመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ሐረሬው_በናጎያ

አልቀልድም እህቴ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ጥያቄው የእኔም ነበር።

አዎ፣ ሚኮሺ የሰፈሩ ካሚ (አምላክ) ለጊዜው የሚያርፍበት ተንቀሳቃሽ መቅደስ ነው ተብሎ ይታመናል። ከሚሸከሙት ብዙዎቹን ብትጠይቂ ግን "የሰፈሬ በዓል ነው፣ አባቴም ተሸክሟል" ነው የሚሉሽ። ስለ እምነት ብዙ አያወሩም። ያ የእነሱ ነው፤ የእኔን ድንበር ግን እኔው ነኝ የማሠምረው። እኔ ሚኮሺ አልሸከምም። ወደ ሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) መቅደስ ስንሄድ ሁለቴ ጎንበስ፣ ሁለቴ ማጨብጨብ፣ አንዴ ጎንበስ የሚለውን አላደርግም፤ በሩ አጠገብ ቆሜ እጠብቃለሁ። እስካሁን "ለምን?" ብሎ ፊቱን ያጠቆረብኝ ሰው የለም። "ቹቶ..." (ትንሽ...) ብለሽ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርሺ ተይው፤ ይገባቸዋል።

መሥራት የምትችዪው ሞልቷል። ወንበር ማውረድ፣ ድንኳን መትከል፣ ያኪሶባ መጥበሻ ጋ መቆም፣ ማግስቱን ቆሻሻ መልቀም። እውነቱን ለመናገር ቋንቋው ያለው እዚያ ነው። ሚኮሺ ሥር የምትሰሚው "ዋሾይ! ዋሾይ!" ብቻ ነው። ቆሻሻ ስትለቅሚ ግን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ሕይወታቸውን ይተርኩልሻል።

ስለ ምግቡ፦ ያኪሶባ ውስጥ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለ። ታኮያኪ ኦክቶፐስ ነው። የተፈጨ በረዶ በሽሮፕ፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ጥጥ ከረሜላ ለሁላችንም ይሆናል። በቆሎው ላይ አኩሪ አተር ሶስ ይቀባል፤ አንድ ቀን ሞክሪው።

አክሱማዊት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን ነበር የፈለግኩት።

ሰኞ_ይቅርብኝ

ሚኮሺ ማለት በቃ እንደ ታቦት ነው አይደል?

ጡረተኛ_አስጎብኚ

አይደለም ልጄ። እኔ ብዙ ጃፓናውያንን ጥምቀት ላይ ጎንደር ወስጃለሁ። ታቦቱ ሲወጣ እነሱም "ሚኮሺ ዳ!" ይሉ ነበር፤ በትከሻና በራስ የሚወጣ ቅዱስ ነገር፣ ሕዝብ የሚያጅበው፣ አድሮ የሚመለስ። ላይ ላዩን ያመሳስላቸዋል። ግን ታቦት የያዘ ካህን ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው። ሚኮሺን ብዙ ቦታ ሆን ብለው ያናውጡታል፤ ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፣ ያዘሉታል። ሲናወጥ የካሚው ኃይል ይነቃል ይላሉ። እምነቱም ሌላ ነው። አንዱን በሌላው አትተርጉም።

@ካንጂ_ፈጀኝ ልጄ፣ የትኛውንም በዓል ብትይዢ ቀን ቁጥር ይገድልሻል። ጃፓንኛ ከ1 እስከ 10 ያሉትን የወር ቀናት የሚጠራበት መንገድ ወጥ አይደለም፤ ይህን ታውቂያለሽ። እኔ የተማርኩት በበዓላቱ ነው። አምስት የድሮ የወቅት በዓላት አሉ፤ ከመጀመሪያው በቀር ወሩና ቀኑ አንድ ዓይነት ጎዶሎ ቁጥር ነው። ጃንዋሪ 7 ናኖካ፣ ሰባት ዓይነት ቅጠል የገባበት ገንፎ የሚበላበት። ማርች 3 ሚካ፣ አሻንጉሊቶቹ። ሜይ 5 ኢትሱካ፣ ዓሣው ሰንደቅ። ጁላይ 7 እንደገና ናኖካ። ሴፕቴምበር 9 ኮኮኖካ፣ የክሪሳንተመም አበባ በዓል፤ ይህ ዛሬ ብዙም አይከበርም። አራቱን አስቸጋሪ ንባቦች ያዝሽ ማለት ነው።

ለምን ዓሣ ብለሽ ነበር። የቻይና አፈ ታሪክ ነው። ካርፕ የሚባለው ዓሣ ፏፏቴን ወደ ላይ ዋኝቶ ከወጣ ዘንዶ ይሆናል ይላሉ። ወንድ ልጅ እንዲያ ጠንክሮ እንዲያድግ ይመኙለታል። በዓሉ የወንዶች ነበር፤ በ1948 በወጣው የበዓላት ሕግ የሁሉም ልጆች ቀን ሆነ። እዚህ ያንኑ ዕለት እኛ ሚያዝያ 27 ብለን የአርበኞችን ድል እናከብራለን፤ ጃፓናዊ እንግዳ ካለሽ አራት ኪሎ ወስደሽ ስለሁለቱም ማውራት ትችያለሽ።

ያማኖቴ_መስመር

ጋሼ፣ ስለ አሻንጉሊቱም ይንገሩን እንጂ።

ጡረተኛ_አስጎብኚ

እሱን እናንተ ታውቁታላችሁ። ከላይ ንጉሡና ንግሥቲቱ፣ ከታች አገልጋዮቹና ሙዚቀኞቹ። ቶሎ ካልተነሣ ልጅቷ ሳታገባ ትቆያለች ይባላል። እናቶች ልጆቻቸው ዕቃ እንዲያነሡ የፈጠሩት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔም ወደዚያ አደላለሁ።

ካንጂ_ፈጀኝ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ! ሚካ፣ ኢትሱካ፣ ናኖካ፣ ኮኮኖካ። ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ልቤ ወደ ጊዮን ነው። ግን @የኪዮቶዋ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ሰው ምን ይዞ ይመለሳል? ጸበል፣ እምነት እንደምንለው ያለ ነገር አለ? ሁለተኛ፣ ሴት ሠረገላው ላይ ትወጣለች?

የኪዮቶዋ

ሁለተኛው ይቅደም። እንደ ሠረገላው ነው። አንዳንዶቹ ሴቶችን ያስገባሉ፤ ሙዚቀኞቻቸው ውስጥ ሴቶች ያሉባቸውም አሉ። ናጊናታ ሆኮ ግን አሁንም ወንዶች ብቻ ናቸው። ክርክሩ ሌላም ቦታ አለ። አይቺ ውስጥ ኮኖሚያ የሚባል የታወቀ የራቁት በዓል አለ (በወገብ ጨርቅ ብቻ ማለት ነው)፤ በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ሴቶች፣ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የቀርከሃ መሥዋዕት የማቅረቡ ሥነ ሥርዓት ላይ ገቡ።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ ደግሞ ንግግርሽን ያቆምልሻል። ሰው ይዞ የሚሄደው ቺማኪ ነው። ሱቅ ውስጥ ቺማኪ ስትዪ በቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ምግብ ነው። የጊዮኑ ግን አይበላም! ውስጡ ምግብ የለም፤ ቅጠል ብቻ ነው። በር ላይ ተሰቅሎ ዓመቱን ሙሉ ይቆያል። በየዓመቱ ገዝቶ ለመፍታት የሚታገል ቱሪስት አይጠፋም።

ቺማኪው ላይ ትንሽ ወረቀት አለች። "የሶሚን ሾራይ ዘር ነኝ" ይላል ጽሑፉ። ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ መንገደኛ መሸበት። ሁለት ወንድማማቾች ቤት ደረሰ። ሀብታሙ ኮታን በር ዘጋበት። ድሃው ሶሚን ግን አስገባው፣ የማሽላ ዘር ካለው እህሉ አበላው፣ አሳደረው። መንገደኛው አምላክ ኖሯል። ቆይቶ ተመልሶ መጣና "መቅሰፍት ሲመጣ የሶሚን ዘር ነኝ በሉ፤ ትተርፋላችሁ" አለው። የኮታን ቤት ጠፋ። የኪዮቶ ሰው በሩ ላይ ቺማኪ ሲሰቅል ለበሽታው "እዚህ ቤት እንግዳ የተቀበለው ሰው ልጆች ነን" ማለቱ ነው። ይህን በቀላል ጃፓንኛ መንገር አያቅትም፤ "መጣ፣ እንቢ አለ፣ አበላ፣ አሳደረ" ነው ግሱ።

ሰሜን ውስጥ ኢዋቴ ላይ በዚሁ በሶሚን ስም የሚከበር የክረምት ሌሊት በዓል ነበር፤ ኮኩሴኪጂ በሚባል ቤተ መቅደስ። ከ1000 ዓመት በላይ ቆይቷል ይባልለት ነበር። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ተከብሮ ቆመ። እምነቱን የከለከለ ወይም ያባረረ የለም። የሚያዘጋጁት ሰዎች አረጁ፣ ተተኪ ጠፋ። የገጠር ማትሱሪ ችግር ይኸው ነው፤ ሚኮሺው አለ፣ ትከሻው የለም። የጊዮን ሰልፍም ቢሆን ሁልጊዜ አልነበረም። በ1467 የጀመረው የኦኒን ጦርነት ከተማዋን አቃጥሎ አቋርጦታል፤ በ1500 ነው የተመለሰው። በኮሮና ጊዜ በ2020ና በ2021 የሠረገላው ሰልፍ ቀረ። ለወረርሽኝ የተጀመረ በዓል በወረርሽኝ ሲቀር ኪዮቶ ውስጥ ብዙ ሰው ስለዚህ ያወራ ነበር።

ኦኒ_ነኝ

እሺ፣ የሶሚኑ ታሪክ አሸነፈኝ። ጊዮን ይሁን።

ለመዝጊያ አንድ አባባል ልጨምርልሽ። "አቶ ኖ ማትሱሪ" ይላሉ፤ ከማትሱሪው በኋላ የሚመጣ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የምንለው ቦታ ይገባል። የጁላይ 24ቱ ሰልፍም ስሙ አቶ ማትሱሪ ነው፤ አባባሉ ከዚያ የመጣ ነው ይባላል።

ጡረተኛ_አስጎብኚ

"ይባላል" ብለህ መናገርህ ጥሩ ነው። @ካንጂ_ፈጀኝ አንቺም እንደዚያው አድርጊ። እርግጠኛውን "ዴስ" (ነው) በዪ፤ አፈ ታሪኩን "ቶ ኢዋሬቴ ኢማስ" (ይባላል) በዪ። መምህርሽ ወዲያው ትሰማዋለች።

ካንጂ_ፈጀኝ

ቅደም ተከተሉን እንዲህ አድርጌዋለሁ፤ እዩልኝ። በሶሚን ታሪክ እጀምራለሁ፣ ስሙን ሳልናገር። ከዚያ የ869ኙን በሽታ። ከዚያ ቀርከሃውና ውኃው፣ ሠረገላው እንዴት እንደሚዞር። ከዚያ ማታ የሚወጡትን ሚኮሺዎች። መጨረሻ ላይ ቺማኪውን አመጣለሁ፣ ጽሑፉን አነባለሁ፤ ያኔ የመጀመሪያው ታሪክ ሰውዬ ማን እንደሆነ ይገባቸዋል። ኪያሩን ለጥያቄ ጊዜ አስቀምጬዋለሁ።

ንባቡን አርሙኝ፦ 869 "ሃፒያኩ ሮኩጁ ኪዩ ኔን"። ጁላይ 17 "ሺቺጋትሱ ጁሺቺኒቺ"። ጁላይ 24 "ሺቺጋትሱ ኒጁዮንኒቺ"።

ጡረተኛ_አስጎብኚ

የመጨረሻው "ኒጁዮካ" ነው። 4፣ 14 እና 24 ሦስቱም በ"ዮካ" ያልቃሉ።

የኪዮቶዋ

"አይተሽዋል ወይ?" ብላ መጠየቋ አይቀርም። "ማዳ ሚታ ኮቶ ጋ አሪማሴን" (ገና አላየሁም) በዪ፣ ከዚያ "ኢትሱካ ሚታይ ዴስ" (አንድ ቀን ማየት እፈልጋለሁ)። ስትመጪ ማረፊያ ቀድመሽ ያዢ፤ ጁላይ አጋማሽ ኪዮቶ ውስጥ አልጋ ወርቅ ነው። ዩካታ (ቀለል ያለ የበጋ ኪሞኖ) ከተከራየሽ ደግሞ የግራው ጫፍ ከላይ ይሁን። የቀኙ ከላይ ከሆነ የሬሳ አለባበስ ነው፤ መንገድ ላይ የማታውቂያቸው እናቶች አስቁመው ያስተካክሉሻል።

ሐረሬው_በናጎያ

ኦገስት ላይ የምትመጪ ከሆነ ከ13 እስከ 16 ባቡር አትያዢ። ኦቦን ነው። በሕግ የተደነገገ የሕዝብ በዓል አይደለም፤ ግን መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል፣ አገሩ በሙሉ የሞቱ ዘመዶቹን ነፍስ ለመቀበል ወደ ትውልድ መንደሩ ይጓዛል። ለነፍሳቱ መጓጓዣ ከኪያር ፈረስ፣ ከደበርጃን ላም ይሠሩላቸዋል። ሲመጡ በፈረስ እንዲፈጥኑ፣ ሲመለሱ በላም እንዲዘገዩ ነው። @አክሱማዊት ፍልሰታ መሃል ላይ ይውልብሻል። ብዙ የቡድሂስት ገዳማት ሥጋና ዓሣ የሌለበት ሾጂን ሪዮሪ የሚባል ምግብ ያቀርባሉ፤ ለጾምሽ ይጠቅምሻል።

ዝምተኛው_ከኋላ_ወንበር

ይቅርታ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። የ@ካንጂ_ፈጀኝ የክፍል ልጅ ሳልሆን አልቀርም። ታናባታን ከያዙት አንዱ ነኝ። አሁን ቀይሬያለሁ፤ ሴትሱቡንን ወስጃለሁ። @ኦኒ_ነኝ አንድ ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ ባወራውር ይፈቀድልኛል ብዬ አስባለሁ። የጃፓኑ ባቄላ ከየት ይገኛል? የሽምብራ ቆሎ ቢሆንስ?

ኦኒ_ነኝ

ይሆናል። እዚያም የሚወረወረው የተቆላ አኩሪ አተር ነው። ጥሬው ጥግ ላይ ተረስቶ ከበቀለ መጥፎ ዕድል ነው ስለሚሉ ይቆሉታል። ሆካይዶ ላይ ደግሞ ኦቾሎኒ ከነቅርፊቱ ይወረውራሉ፤ በረዶ ላይ ቢወድቅም ይታያል፣ ታጥቦ ሳይጣል ይበላል። አንተም ኦቾሎኒ ግዛ። ቆሎ ከወረወርክ መጥረጊያ ይዘህ ሂድ።